የካቲት 23 የሞተው የፓራጓይ ማርሻል፦ ቀኑ ትክክል ነው? ከአፄ ቴዎድሮስ ጋርስ ይወዳደራል?

ሳቢያን_መምህርት፦

ሰላም የድሬና የሐረር የታሪክ ወዳጆች። ለዘንድሮው የዓድዋ በዓል የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ «ሌላው የካቲት 23» የሚል የ15 ደቂቃ ዝግጅት ይዟል። ባለታሪኩ የፓራጓይ ፕሬዚዳንትና የጦር አዛዥ የነበረው ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ ነው፤ ማርች 1 ቀን 1870 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ወታደሮች ጋር ሲዋጋ የተገደለው። ልጆቹ አንድ ትልቅ የግድግዳ ጽሑፍ፣ አንድ ካርታና አንድ የጊዜ መስመር ይሠራሉ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እዚህ ቢጣራ ይሻላል ብዬ ነው።

ስልክ ላይ ያለው መቀየሪያ ማርች 1 1870ን «የካቲት 22» ይለዋል። እንግዲህ ርዕሳችን ገደል ገባ? ደግሞ ልጆቹ «የፓራጓይ ቴዎድሮስ» የሚል ንዑስ ርዕስ ሰጥተውታል፤ ያስኬዳል ወይ? በጦርነቱ ከፓራጓይ ወንዶች 90 በመቶው አለቀ የሚለውስ? ሦስት አገር (ብራዚል፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ) በአንዲት ትንሽ አገር ላይ ዘመተ ብለው ነው የሚጀምሩት፤ አጀማመሩም ልክ መሆኑን ንገሩኝ።

ኤረር_በር፦

ቲቸር፣ ርዕሱ አይነካም፤ የተሳሳተው ስልኩ ነው። ብዙ መቀየሪያ የዛሬውን ልዩነት እንዳለ ወደ ኋላ ይዞት ይሄዳል። ዛሬ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ 12 ላይ። ከ1900 በፊት ግን ሴፕቴምበር 10፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ 11 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርጓት አለፉ፤ እኛ አራት ዓመት በመጣ ቁጥር ጳጉሜን ስድስት ማድረጋችንን አላቋረጥንም። አንዷ ቀን የመጣችው ከዚያ ነው። በየዓመቱ «ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?» እያልን የምንጨቃጨቀውም በዚህችው ቀን ነው፤ ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1፣ በዓሉ ዛሬ የሚውለው ማርች 2።

ልጆቹ በእጃቸው ያስሉት፣ ለተመልካቹም ይጥማል። የካቲት 23 ከመስከረም 1 ሲቆጠር 173ኛ ቀን ነው (አምስት ወር በሠላሳ 150፣ ሲደመር 23)። የሎፔስ ዓመት 1862 ዓ.ም. ሲሆን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 10 ቀን 1869 ዋለ። ከሴፕቴምበር 21 ቀን እናገኛለን፤ ኦክቶበር ሲጨመር 52፣ ኖቬምበር 82፣ ዲሴምበር 113፣ ጃንዋሪ 144፣ ፌብሩዋሪ 28 ስለነበረች 172። ቀጣዩ ማርች 1 ነው፣ 173። የዓድዋውን ሲሠሩ መስከረም 1 ቀን 1888 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይሆንባቸዋል፣ ምክንያቱም የ1887 ጳጉሜን ስድስት ነበረች። አንድ ቀን ዘግይቶ ይጀምራል፤ ግን የ1896 ፌብሩዋሪ 29 ስለሆነች ያቺው ቀን ትካካሳለች፣ አሁንም ማርች 1 ላይ ያርፋል። ዓድዋ እሑድ ነው፣ ሎፔስ የሞተው ማክሰኞ።

ሌላ ስህተት የሚበዛበት ቦታ፦ ዓመቱን ሁልጊዜ በ8 መቀነስ። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ያለው በ7 ነው የሚቀነሰው። ሎፔስ ፕሬዚዳንት የሆነው ኦክቶበር 16 ቀን 1862 ነው፤ ይህ ጥቅምት 7 ቀን 1855 ዓ.ም. እንጂ 1854 አይደለም። ቴዎድሮስ የሞቱበት ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ደግሞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። በሁለቱ ሞት መካከል ሁለት ዓመት ሊሞላ 43 ቀን ይጎድለዋል።

ለገሃሬ፦

አጀማመሩ ላይ እኔ ልግባ፤ እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። «ሦስት አገር ተነሣባት» ብሎ መጀመር ታሪኩን ከመሐሉ መቁረጥ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ብራዚል በኡራጓይ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እጇን ልታስገባ ስትዘጋጅ ሎፔስ በኦገስት 1864 «አትግቡ» ብሎ በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ብራዚል በኦክቶበር ገባች። እሱም ኖቬምበር 12 ቀን ማርኬስ ደ ኦሊንዳ የተባለውን የብራዚል መርከብ ያዘ፤ በውስጡ የማቶ ግሮሶ ክፍለ ሀገር አዲሱ አስተዳዳሪ ነበር። በዲሴምበር ራሱ ማቶ ግሮሶን ወረረ። ቀጥሎ ወደ ኡራጓይ ለመሻገር በአርጀንቲና መሬት ልለፍ ሲል ፕሬዚዳንቱ ባርቶሎሜ ሚትሬ ከለከለው። በማርች 1865 በአርጀንቲናም ላይ ጦርነት አወጀ፣ በኤፕሪል አጋማሽም የአርጀንቲናን ኮርየንቴስ ከተማ ያዘ። ብራዚል፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ የሦስትዮሹን ውል የፈረሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሜይ 1 ቀን 1865 ነው። ውሉ በምስጢር ነበር የተፈረመው፣ ከፓራጓይ የሚቆረጠውን መሬት አስቀድሞ ወስኗል፤ ስለዚህ እነሱም ንጹሐን ናቸው ማለት አይደለም።

አሳዛኙ ነገር ሎፔስ ሊደርስለት የተነሣው የኡራጓይ መንግሥት በፌብሩዋሪ 1865 ወድቆ ነበር። በቦታው የተተካው ቬናንሲዮ ፍሎሬስ ከጠላቶቹ ጎን ተሰለፈ። ሎፔስ ለወዳጅ ብሎ የገባበት ጦርነት ወዳጁ ከሄደ በኋላ አምስት ዓመት ቆየ።

ከዚያ በፊት ያለው ሕይወቱ ለግድግዳው ሦስት መስመር ይበቃዋል። አባቱ ካርሎስ አንቶኒዮ ሎፔስ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ልጁን በ18 ዓመቱ ብርጋዴር ጄኔራል አደረገው (ምን ዓይነት ሹመት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ)። በ1853 ወደ አውሮፓ ላከው፤ ከእንግሊዝ ታኳሪ የተባለችውን የጦር መርከብ፣ መሣሪያና መሐንዲሶች፣ ከፓሪስ ደግሞ በኋላ የልጆቹ እናት የሆነችውን አየርላንዳዊቷን ኤሊሳ ሊንችን ይዞ ተመለሰ። በ1859 ቦነስ አይረስና የአርጀንቲና ኮንፌዴሬሽን ሲዋጉ አስታራቂ ሆኖ አስማማቸው። ካስታረቃቸው አንዱ ያው ሚትሬ ነው፣ በኋላ የተባባሪዎቹ ጦር ዋና አዛዥ ሆኖ የመጣበት።

ለድሬ ልጅ ደግሞ ባቡሩን አትርሺ አቦ! የዋና ከተማዋ የአሱንሲዮን ባቡር የመጀመሪያው ክፍል በ1861 ተከፈተ፣ ጦርነቱ ሲጀመር ፓራጓሪ ከተማ ድረስ 72 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። የእኛ ባቡር ድሬ የደረሰው በ1902 ነው። በጊዜ መስመሩ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጥ አዳራሹ ውስጥ የሚተኛ ሰው አይኖርም። ሎፔስ ሲሞት ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ሐረርም ገና በአሚሯ ነበር የምትተዳደረው፣ ግብፆች የገቡት በ1875 ነው።

ቀፊራ፦

«የፓራጓይ ቴዎድሮስ» የሚለውን አውጡት ባይ ነኝ። ማወዳደሩን ግን አታውጡ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ የሚዳሰስ ነገር አለ፣ እሱም መድፍ ነው።

አውሮፓ በ1854 እና 55 በክሪሚያው ሴባስቶፖል ምሽግ ዙሪያ ስትዋጋ ስሙ ዓለምን ዞረ። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞቻቸውን ያሠሩትን ትልቁን ሞርታር «ሴባስቶፖል» አሉት። በዚያው ዘመን የፓራጓዩን ኡማይታ ምሽግ ጋዜጦች «የደቡብ አሜሪካ ሴባስቶፖል» ይሉት ነበር። ኡማይታ የፓራጓይ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ በሚታጠፍበት ቦታ ከወንዙ ዳር ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። መርከብ እጥፋቱን ለመዞር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ወራጁ ውሃ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ዳር ዳሩን የተደረደሩት መድፎች በሙሉ በእሱ ላይ ይከፈታሉ። ካርታ የሚሥለው ልጅ እጥፋቱን ካሳነሰው ምሽጉ ለምን እዚያ እንደተሠራ አይገባም፤ አጋኖ ይሣለው። ሌላው በካርታው ላይ መታየት ያለበት ማቶ ግሮሶ ነው። ከሪዮ ወደዚያ የሚያስኬድ ሁነኛ የየብስ መንገድ አልነበረም፤ የብራዚል መርከብ በላ ፕላታ ገብቶ፣ ፓራናን ወጥቶ፣ ፓራጓይ ወንዝን ይዞ በኡማይታ ደጃፍ ማለፍ ነበረበት። ጠቡ ሁሉ የወንዝ ጠብ ነው።

ወንዙ ላይ መርከብ እንዳያልፍ ወፍራም ሰንሰለት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ድክመቱ ሰንሰለቱ አልነበረም፣ መሐል ላይ የተሸከሙት ጀልባዎች ነበሩ። ብራዚሎች ሰንሰለቱን ትተው ጀልባዎቹን ለወራት በመድፍ ደበደቡ፤ ሲሰምጡ ሰንሰለቱም ወንዙ ወለል ላይ ጭቃ ውስጥ ገባ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1868 ሌሊት ውሃው ሞልቶ ሳለ ስድስት ብረት ለበስ መርከቦች በላዩ አለፉ። (ቀኑን ኤረር በር ያስላው፤ የካቲት 12 ላይ ነው የሚወድቀው። ይህን ደግሞ ለልጆቹ እንዳትነግሯቸው፣ ሌላ ፕሮግራም ይጀምራሉ!)

አሁን ወደ መድፉ። ፓራጓይ ነሐስ ሲያጥራት የቤተ ክርስቲያኖቿን ደወሎች ሰብስባ በአሱንሲዮን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ (አርሴናል) አቀለጠችና አንድ ትልቅ መድፍ አፈሰሰች፤ ስሙን «ኤል ክሪስቲያኖ»፣ ክርስቲያኑ አሏት። 12 ቶን ትመዝናለች። የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ነው። ልጆቹ «ሁለቱም ግዙፍ መድፍ» ብለው እንዳያልፉ፤ ሥራቸው ይለያያል። ክሪስቲያኖ በርሜሏ ረጅም ነው፣ ወንዝ ዳር ቆማ መርከብ ላይ ቀጥታ ትተኩሳለች። ሴባስቶፖል አጭርና አፈ ሰፊ ሞርታር ነው፤ ጥይቱን ወደ ሰማይ ወርውሮ ከላይ ይጥላል፣ ለከበባ የተሠራ ነው። መቅደላ ላይ ግን ጠላት ከታች እየወጣ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው። ክሪስቲያኖ ኡማይታ ስትወድቅ ተማርካ ሪዮ ዲ ጄኔሮ ብሔራዊ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች፣ ፓራጓይም መልሱልን ስትል ኖራለች። የመቅደላን ቅርስ ጉዳይ ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ብቻውን ይበቃል።

ሳቢያን_መምህርት፦

መድፉን ወስጃለሁ፣ ንዑስ ርዕሱ ወጥቷል። ልጆቹ ግን አሟሟታቸው አንድ ነው ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም እጅ አልሰጡም።

ቀፊራ፦

አንድ አይደለም። ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሎፔስ ተሳዶ ነው የተገደለው። የተገደለበት ሴሮ ኮራ በሰሜን ምሥራቅ ፓራጓይ፣ በኮረብቶች የተከበበ ሜዳ ነው፤ አብሮት የቀረው የተራበ ጥቂት መቶ ሰው ነበር። ቺኮ ዲያቦ የሚል ቅጽል ያለው አንድ የብራዚል የአሥር አለቃ በጦር ወጋው፤ አኪዳባን ወንዝ አጠገብ ባለች ጅረት ዳር ወድቆ ሳለ የብራዚሉ ጄኔራል ካማራ እጅ ስጥ አለው፤ እምቢ ሲል በጥይት ተመታ። የመጨረሻ ቃሉ በሁለት ዓይነት ይነገራል፦ «ከአገሬ ጋር እሞታለሁ» እና «ለአገሬ እሞታለሁ»። በስፓኒሽ ልዩነቱ የአንዲት ትንሽ ቃል ነው፣ «ኮን» ወይም «ፖር»። ሁለቱንም ጻፉ ወይም ሁለቱንም ተዉ፤ አንዱን መርጦ በትልቅ ፊደል ማተም ግን ወገን መያዝ ነው።

የሎፔስንና የቴዎድሮስን ልጆች ቢያወዳድሩ ይሻላል። ፓንቺቶ የሚባለው የሎፔስ የበኩር ልጅ በ15 ዓመቱ ኮሎኔል ተብሎ ነበር፤ እዚያው ሴሮ ኮራ እናቱ ፊት ተገደለ፣ ሊንች አባትና ልጁን በእጇ ቆፍራ እንደቀበረች ይነገራል። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ በ18 ዓመቱ በ1879 ሞተ። እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመንገድ አረፉ፤ ሊንች ከአገር ተባራ በ1886 ፓሪስ ሞተች። ሌላም ትልቅ ልዩነት አለ። እንግሊዞች እስረኞቻቸውን አስፈትተው፣ የሚዘርፉትን ዘርፈው ሄዱ። ብራዚል ግን እስከ 1876 ፓራጓይ ውስጥ ቆየች።

ሸዋ_በር፦

ማንም ያላነሣው ሳን ፈርናንዶ ነው። ሰውየውን ስለ የካቲት 23 ብቻ ጀግና አድርጎ ማቅረብ ልጆቹን ማታለል ነው። በ1868 ኡማይታ ሲከዳው ሴራ ተጎንጉኖብኛል ብሎ ሳን ፈርናንዶ በተባለ ሰፈር ልዩ ችሎት አቋቋመ። በማሠቃየት የተገኘ ቃል ለሌላው መክሰሻ ሆነ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተረሸኑ። ወንድሙ ቤኒኞ፣ የእህቶቹ ባሎች ባሪዮስና ቤዶያ፣ ጳጳሱ ማኑኤል አንቶኒዮ ፓላሲዮስ ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። እናቱንና እህቶቹን ሳይቀር አሰራቸው። ከቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ጋር ማወዳደር ከተፈለገ የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው፤ የደስ ደስ ያለው ባይሆንም።

ስለ ቁጥሩ። 90 በመቶውን ጣሉት። ችግሩ ከሞቱት ቆጠራ በፊት ይጀምራል፤ ከጦርነቱ በፊት የሕዝቡ ብዛት ስንት እንደነበር አይታወቅም። 1.3 ሚሊዮን የሚል አሮጌ አኃዝ አለ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም፤ ከሱ ተነሥቶ የጠፋውን የሚያሰላ ሁሉ ዓለምን የሚያስደነግጥ ቁጥር ያገኛል። ዛሬ የሚከራከሩት ምሁራን ከጠቅላላው ሕዝብ የጠፋውን አንዱ ወገን ከአምስት አንድ እጅ በታች፣ ሌላው ከግማሽ በላይ ያደርጉታል። በሁለቱም ወገን ግን የከፋው ጉዳት የደረሰው በወንዶች ላይ ነው። ብዙው የሞተውም በጥይት ሳይሆን በኮሌራ፣ በሌላ በሽታና በረሃብ ነው። ግድግዳው ላይ «ከአምስት አንድ እጅ በታች ከሚለው ግምት እስከ ከግማሽ በላይ፤ እስከ ዛሬ ያከራክራል» ብላችሁ ጻፉ። ከ90 በመቶው ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ለልጆች ደግሞ አኮስታ ኙ ይነገራቸው። ኦገስት 16 ቀን 1869 ወደ 3,500 የሚሆኑ ፓራጓያውያን 20,000 የተባባሪ ጦር ገጠሙ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፣ ከሩቅ ትልቅ ሰው እንዲመስሉ የውሸት ጢም ተደርጎላቸዋል። ያ ቀን ዛሬ በፓራጓይ የሕፃናት ቀን ነው። ማርች 1 ደግሞ የጀግኖች ቀን ሆኖ ይከበራል፣ ሥራ ዝግ ነው። ይህ ግን ወዲያው የመጣ አይደለም፤ ገና ጦርነቱ ሳያልቅ የፓራጓይ ጊዜያዊ መንግሥት ሎፔስን ከሕግ ውጭ ብሎ አውጆበት ነበር፣ ስሙ በይፋ የታደሰው በ1936 ነው።

ለገሃሬ፦

ሸዋ በር ልክ ነው፤ ሳን ፈርናንዶ ከመድፉ ጋር እኩል ቦታ ይሰጠው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ሕዝቡ በፍርሃት ብቻ አልተዋጋም። በ1867 ግንባሩ ላይ «ካቢቹዪ» የሚባል ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ ስሙ በአገሬው ቋንቋ በጉዋራኒ ተናዳፊ ተርብ ማለት ነው። በእንጨት የተቀረጹ የፌዝ ሥዕሎች ነበሩት፤ የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥትና ጄኔራሎቹ መሣቂያ ይሆኑበታል፣ ከፊሉ በወታደሩ ቋንቋ በጉዋራኒ ይጻፋል። ወረቀት ሲያልቅባቸው ካራጓታ ከሚባል እንደ ቃጫ ያለ ቅጠል ራሳቸው ሠሩ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ቢሰፋ ከማርሻሉ ፎቶ በላይ ዓይን ይይዛል።

ስፔሊንጉ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በስፓኒሽ «ኤች» አይነበብም፤ «ሁማይታ» ሳይሆን «ኡማይታ» በሉ። «ሎፔዝ» ሳይሆን «ሎፔስ»። ለአኮስታ ኙ ግን ችግር የለም፣ እንግሊዝኛ የሌለው ድምፅ የእኛ «ኝ» ነው፤ «ኑ» ብላችሁ እንዳትጽፉት።

ሳቢያን_መምህርት፦

ገብቶኛል። የመክፈቻው መስመር «ኖቬምበር 12 ቀን 1864 ሎፔስ የብራዚልን መርከብ ያዘ» ሆኗል። ሳን ፈርናንዶ፣ ኡማይታና አኮስታ ኙ እኩል ስፋት አላቸው። የኤረር በርን ስሌት ልጆቹ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሠሩ ያሳያሉ፤ የባቡሩ መስመርም ገብቷል። የካቲት 12ን ቀድመው አግኝተውታል፣ ቀፊራ እንዳትሰሙ።

ኤረር_በር፦

ሰሌዳው ላይ ጃንዋሪ 144 ከሚለው ቀጥሎ «ፌብሩዋሪ 28» የሚለውን በቀይ ይክበቡት። 29 ብሎ የሚቆጥር ልጅ አይጠፋም፤ ያኔ የካቲት 23 ፌብሩዋሪ 29 ላይ ይወድቅበታል፣ 1870 ደግሞ ያቺ ቀን አልነበረችም።